ከሰርቨር ስክሪፕት የኢሜይል ሳጥን ከፍቶ ማንበብ

ለጥያቄና ለአቤቱታ መቀበያ የኢሜይል አድራሻ የከፈተ ድርጅት ውሎ አድሮ መልእክቶቹን ሰው እየገለበጠ ከሚመዘግባቸው ይልቅ በስክሪፕት ተነበው ወደ ዳታቤዝ እንዲገቡ ይፈልጋል። ስክሪፕቱን ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር ማገናኘት ከጥቂት መስመር ኮድ በላይ አይጠይቅም። የሚከብደው እያንዳንዱ መልእክት ሳይቀርና ሳይደገም፣ ያንኑ ሳጥን በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው የሚከፍቱትን ሰዎችም ሳይረብሽ እንዲነበብ ማድረጉ ነው።

አስቀድሞ ፕሮቶኮል መመረጥ አለበት። ፖፕ 3 የገቢ ሳጥኑን ብቻ የሚያሳይ፣ በመሠረቱም መልእክቱን አውርዶ ከሰርቨሩ ላይ ለማጥፋት የታሰበ ቀላል ፕሮቶኮል ነው። አይማፕ ግን መልእክቶቹን ሰርቨሩ ላይ እንዳሉ ትቶ ፎልደሮችን፣ የተነበበና ያልተነበበ የሚለውን ምልክት እንዲሁም ፍለጋን ያቀርባል። ሳጥኑን ከስክሪፕቱ በቀር የሚከፍተው ከሌለ ፖፕ 3 ይበቃል፤ አንድም ሰው ቢሆን የሚከፍተው ካለ አይማፕን መምረጥ ይገባል፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረውም ስለ አይማፕ ነው።

ግንኙነቱ በፖርት 993 ከመጀመሪያው በቲኤልኤስ ተመስጥሮ ይከፈት። ፖርት 143 ሳይመሰጠር ተጀምሮ በስታርት ቲኤልኤስ ትእዛዝ ወደ ምስጠራ የሚሸጋገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8314 የተባለው የኢንተርኔት መመሪያ ሰነድ ከመነሻው የተመሰጠረውን መንገድ ይመክራል። እዚህ ላይ የፓይተን ተጠቃሚዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ የሆነው አይማፕሊብ የኤስኤስኤል ኮንቴክስት (የምስጠራውና የማረጋገጫው ቅንብር) ተለይቶ ካልተሰጠው ግንኙነቱን ቢመሰጥርም የሰርቨሩን ሰርተፊኬት አያረጋግጥም። ስለዚህ በኤስኤስኤል ሞጁሉ ነባሪውን ኮንቴክስት ፈጥሮ ማስተላለፍ ግዴታ ነው፤ አለዚያ የይለፍ ቃሉ ለማን እንደሚሰጥ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። የግንኙነት ጊዜ ገደብም በነባሪ ስለሌለ፣ ከፓይተን 3.9 ጀምሮ በተጨመረው የጊዜ ገደብ ግቤት ይወሰን።

በፒኤችፒ ለሚሠሩ ደግሞ፣ ለዓመታት ያገለገለው የአይማፕ ኤክስቴንሽን ከፒኤችፒ 8.4 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ መምጣቱ ቀርቶ ፔክል ወደተባለው የኤክስቴንሽኖች ማከማቻ ተዛውሯል። የተመሠረተበት የሲ ላይብረሪም ጥገና የሚያደርግለት የለም። ነባር ሥራ ካለ ኤክስቴንሽኑን ለብቻው ጭኖ መቀጠል ይቻላል፤ አዲስ ሥራ ግን በራሱ በፒኤችፒ በተጻፈ የአይማፕ ላይብረሪ ቢጀመር የተሻለ ነው።

የመግቢያው ጉዳይ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ኤክስቼንጅ ኦንላይን በተባለው የኢሜይል አገልግሎቱ ላይ በተራ የይለፍ ቃል ወደ አይማፕ መግባትን መዝጋት ጀምሯል፤ መግቢያው በይለፍ ቃል ፋንታ ቶክን የተባለ የመግቢያ ኮድ የሚጠቀመው ኦአውዝ 2.0 ነው። ጂሜይልም የሚመክረው ይህንኑ ሲሆን፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለተከፈተባቸው አካውንቶች ግን ለአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚሰጥ ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል ይፈቅዳል። በኦአውዝ የሚሠራ ስክሪፕት ዕድሜው አጭር የሆነውን የመግቢያ ቶክን በማደሻው ቶክን እየተካ ይቀጥላል። በጎግል በኩል ፕሮጀክቱ በሙከራ ደረጃ ላይ እንዳለ ከተተወ የማደሻ ቶክኑ ራሱ በ7 ቀን ውስጥ ስለሚያበቃ፣ በየሳምንቱ ያለ ምክንያት የሚቆም የሚመስል ስክሪፕት ሲያጋጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። የይለፍ ቃልም ሆነ ቶክን በኮዱ ውስጥ አይጻፍም፤ ከኮዱ ውጭ፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ተጠቃሚ ብቻ በሚያነበው ስፍራ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። አንድን ፎልደር በሴሌክት ትእዛዝ መክፈት ለማንበብም ለመለወጥም ሲፈቅድ፣ በኤግዛሚን ትእዛዝ መክፈት ግን ለንባብ ብቻ ነው። በአይማፕሊብም ፎልደሩ ሲከፈት «ሪድኦንሊ» የሚለውን ግቤት እውነት ማድረግ ያንኑ ይሠራል። ፎልደሩ በሴሌክት ከተከፈተ ደግሞ የመልእክቱን አካል በተለመደው የፌች ትእዛዝ ማምጣት ብቻውን መልእክቱን «ተነቧል» ያሰኘዋል። በዚህ ምክንያት ለጥያቄ መልስ የምትሰጠው ሠራተኛ ጠዋት ሳጥኑን ስትከፍት አዲስ መልእክት የሌለ ይመስላታል፤ ጥያቄውም ምላሽ ሳያገኝ ይቀራል። ሰርቨሩ ምልክቱን ሳይለውጥ ይዘቱን እንዲሰጥ የሚያደርገው «ቦዲ ፒክ» የተባለው የፌች ዓይነት ስለሆነ፣ ፎልደሩ በየትኛውም መንገድ ቢከፈት እሱን መልመድ ጥሩ ነው።

ከዚሁ ጋር ብዙዎች «ያልተነበቡትን አምጣ» በሚል ፍለጋ ይጀምራሉ። በእኔ እምነት ይህ የጋራ ሳጥን ላይ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ሰው ቀድሞ የከፈተው መልእክት ለስክሪፕቱ አይታይም፤ ሰው «ያልተነበበ» ብሎ የመለሰው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይመዘገባል። ስክሪፕቱ የት እንደደረሰ ማስታወስ ያለበት በራሱ ዳታቤዝ እንጂ በሌሎች ሰዎች ምልክት ላይ ተመርኩዞ አይደለም።

ለዚህ የሚያገለግለው ዩአይዲ የተባለው መለያ ቁጥር ነው። አይማፕ ለእያንዳንዱ መልእክት ሁለት ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው ተራ ቁጥር ሲሆን፣ 5ኛው መልእክት ተሰርዞ ከፎልደሩ ሲወጣ 6ኛው 5ኛ ስለሚሆን ለማስታወሻነት አይታመንም። ዩአይዲ ግን በአንድ ፎልደር ውስጥ እያደገ የሚሄድና ለሌላ መልእክት ተመልሶ የማይሰጥ ነው። ይህ ዋስትና የሚጸናው ፎልደሩ ሲከፈት ሰርቨሩ የሚናገረው «ዩአይዲ ቫሊዲቲ» የተባለው ቁጥር እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው፤ ከተለወጠ ቀደም ሲል የተያዙት ዩአይዲዎች በሙሉ ዋጋ የላቸውም፤ ፎልደሩም እንደ አዲስ መታየት አለበት። ስለዚህ በዳታቤዙ ውስጥ አካውንቱ፣ ፎልደሩ፣ ዩአይዲ ቫሊዲቲውና ዩአይዲው አራቱም በአንድነት ይያዙ፤ የአራቱ ጥምረትም እንዳይደገም በዳታቤዙ ሕግ ይታገድ።

የሚቀጥለው ጥያቄ ከመጨረሻው ዩአይዲ በኋላ ያሉትን ማምጣት ነው። የመጨረሻው የተመዘገበው 500 ከሆነ ከ501 እስከ ኮከብ ምልክት ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ኮከቡ በፎልደሩ ያለውን ትልቁን ቁጥር ይወክላል። አዲስ መልእክት ከሌለ ግን ትልቁ ቁጥር 500 ራሱ ነው። ፕሮቶኮሉም የክልሉን ሁለት ጫፎች ቅደም ተከተል ስለማይለይ ከ501 እስከ 500 የሚለው ጥያቄ 500ን መልሶ ያመጣል። ስክሪፕቱ የመጣውን ሁሉ አዲስ ነው ብሎ ካመነ ያው አንድ መልእክት በየዙሩ ይመዘገባል፤ ከ500 የማይበልጠውን መጣል ያለበት እርሱ ራሱ ነው። በቀን የሚደረግ ፍለጋም ሰዓትንና የሰዓት ቀጠናን ከግምት ስለማያስገባ «ካለፈው ሰዓት ወዲህ» የሚል ጥያቄ ለማቅረብ አይሆንም።

መልእክቱ ሲመጣ ከመተንተኑ በፊት ባይቶቹ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ይዘቱና ዩአይዲው በአንድ ትራንዛክሽን ይግቡ፤ ማለትም አንዱ ካልገባ ሌላውም አይግባ። ትንተናው አንድ ቀን ያልጠበቀው ቅርጽ ገጥሞት ቢሰናከል ኮዱ ታርሞ ከተቀመጠው ይዘት ላይ ይደገማል፤ ሰርቨሩን እንደገና መጠየቅ አያስፈልግም።

በትንተናው ላይ የፊደል ጉዳይ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርእስና የላኪ አድራሻ በሚጻፍበት የኢሜይል ሄደር ውስጥ ከላቲን ውጭ ያለ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ተቀይሮ ነው። «ሰላም» የሚል ርእስ ብንወስድ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ 8 3 ባይት ስለሚይዝ 9 ባይት ይሆናል፤ ባይቶችን በተራ የላቲን ምልክቶች በሚጽፈው ቤዝ 64 ሲጻፍ 12 ምልክት፣ የኮዱን ዓይነት የሚናገረው መሸፈኛ ሲጨመርበት 24 ምልክት ይወጣዋል። አንድ እንዲህ ያለ ቁራጭ ከ75 ምልክት መብለጥ ስለማይፈቀድለት ረዘም ያለ ርእስ ወደ ብዙ ቁራጭ ይከፈላል። አንዳንድ ላኪ ሶፍትዌሮች ደንቡን ጥሰው አንዱን ፊደል መሐል ላይ ይቆርጡታል። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ኮድ በዚያ ቦታ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል፤ ባይቶቹን መጀመሪያ አገጣጥሞ በኋላ የሚቀይር ግን አይሳሳትም። በፓይተን የኢሜይል ሞጁል መልእክቱ ከባይት እንጂ ከስትሪንግ አይጀመር፤ ነባሪው ፖሊሲም ተለይቶ ይሰጠው፤ ያ ካልሆነ ሞጁሉ ለድሮ ኮድ ተብሎ በቆየው አሠራር ስለሚሄድ ርእሱ ሳይፈታ ይመጣል።

አካሉ በተለምዶ ተራ ጽሑፍና ኤችቲኤምኤል ጎን ለጎን የያዘ ነው። ተራው ካለ እሱን መውሰድ፣ ከሌለ ኤችቲኤምኤሉን አጽድቶ መጠቀም ይበቃል። የአባሪ ፋይል ስም የላኪው ጽሑፍ ስለሆነ እንዳለ በዲስክ ላይ የፋይል ስም አይሆንም፤ ስክሪፕቱ የራሱን ስም ይስጠው። የላኪ አድራሻም በቀላሉ ሊጭበረበር ስለሚችል በእርሱ ብቻ ተመሥርቶ ትእዛዝ መፈጸም አይገባም። ስክሪፕቱ መልስ የሚልክ ከሆነ መልእክቱ በማሽን የተላከ መሆኑን የሚናገረው «ኦቶ ሰብሚትድ» የሚለው ሄደር ያለባቸውን መልእክቶች ይለፍ፤ አለበለዚያ ሁለት ማሽኖች ያለ ማቋረጥ ሲመላለሱ ያድራሉ።

ስክሪፕቱን ፕሮግራምን በተወሰነለት ጊዜ በሚያስነሣው ክሮን በየጥቂት ደቂቃው ማስኬድ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ አንዱ ዙር ሳያልቅ ሌላው እንዳይነሣ ግን መቆለፊያ ፋይል ያስፈልጋል። መልእክቱ እንደደረሰ መታወቅ ካለበት አይድል የተባለው ትእዛዝ ግንኙነቱን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩ ዝም ያለ ግንኙነትን ከ30 ደቂቃ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል ከ29 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መታደስ አለበት።

ወደ እውነተኛው ሳጥን ከመግባቱ በፊት በሙከራ ሳጥን ላይ ስክሪፕቱን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያስኪዱት። በሁለተኛው ዙር አንድም አዲስ መዝገብ መጨመር የለበትም፤ ያልተነበቡት መልእክቶች ቁጥርም እንደነበረ መቆየት አለበት። ከዚያም መልእክቶች እየወረዱ ሳለ ሂደቱን በኃይል አቋርጠው እንደገና ያስነሡት፤ በዳታቤዙ ያሉት መዝገቦች በሳጥኑ ካሉት መልእክቶች ጋር አንድ በአንድ ከተገጣጠሙ ስክሪፕቱ ለሥራ ዝግጁ ነው።