ፒካፕ ሲገዙ የየኦፕሽኑን የመጫንና የመጎተት አቅም እንዴት ያወዳድራሉ?

ጅማ ውስጥ ፒካፕ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ስሪት ዘመኗ፣ ስለ ሞተሯና ስለ ዋጋዋ ነው። ስለ ጭነት ሲጠይቅ ደግሞ ደላላው "አስር ኩንታል ያለ ሐሳብ ትጭናለች" ይለዋል። መልሱ ለአንዷ መኪና ትክክል ሊሆን ይችላል። አጠገቧ የቆመችው ፉል ኦፕሽን ግን፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ የሚፈቀድላት የዚህ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ለቡና፣ ለእህል ወይም ለግንባታ ዕቃ ብሎ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ሳያጣራ ገንዘቡን ሲከፍል ማየት ያሳዝነኛል። ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

1. በስም አያወዳድሩ

"ሃይሉክስ" ወይም "ሬንጀር" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በአንድ ስም ስር ነጠላ ጋቢና አለ፣ ደብል ጋቢና አለ፣ ፎር ዊል የሆነና ያልሆነ አለ፣ ስታንዳርድና ፉል ኦፕሽን አለ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቅም አላቸው።

ፎርድ ሬንጀር ጥሩ ማሳያ ነው። አብዛኞቹ የዲዝል ሬንጀሮች ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ እንዲጎትቱ ተፈቅዶላቸዋል። በብዙዎች ዘንድ ትልቋ የምትባለው ሬንጀር ራፕተር ግን የተፈቀደላት 2,500 ኪሎ ነው። የምትጭነውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራፕተር የተሠራችው በአሸዋና በድንጋይ ላይ በፍጥነት እንድትሮጥ ነው። ከኋላ ያላት ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ሳይሆን ለስላሳ ጥቅልል ሞላ ነው። ለሩጫ ምቹ ነው፤ ለጭነት ግን ባሌስትራን አያህልም።

ስለዚህ ዋጋ ሲጨምር አቅምም ይጨምራል ብለው አያስቡ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

2. ሦስት ቁጥሮችን ይጻፉ

የመጀመሪያው ባዶ ክብደቷ ነው። ሁለተኛው መኪናዋ ከነሰው፣ ከነነዳጁና ከነጭነቱ እንድትመዝን የሚፈቀድላት ከፍተኛ ክብደት ነው። ብዙ ሰነድ ላይ ጂቪኤም ይባላል። ሦስተኛው መኪናዋና ተሳቢው ተደምረው ሊመዝኑ የሚችሉት ጣሪያ ነው። እሱም ጂሲኤም ይባላል።

ከሁለተኛው ላይ አንደኛውን ሲቀንሱ የመጫን አቅሟን ያገኛሉ። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ተመሳሳይ ሻንሲና አክስል ላላቸው መኪኖች ጂቪኤሙን ብዙ ጊዜ አይለውጠውም፤ ቢለውጠውም በጥቂቱ ነው። ባዶ ክብደቱ ግን በየኦፕሽኑ ይጨምራል። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር፣ ትልቅ ቸርኬ፣ የጎን መርገጫ፣ የፎር ዊል ዕቃ፣ ተጨማሪ ሁለት በር፣ ሁሉም ኪሎ ነው። የጂቪኤሙ ጣሪያ ካልተነሳ ደግሞ እያንዳንዱ የምቾት ዕቃ የሚቀንሰው ከጭነትዎ ላይ ነው።

ቁጥሮቹን ከየት ያገኛሉ? ከሻጩ አፍ አይውሰዱ። የሹፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ ይመልከቱ፤ ካልሆነ ሞተር ክፍሉ ውስጥ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ ይፈልጉ። የአውሮፓን ሥርዓት በተከተለ ሰሌዳ ላይ አራት የኪሎ ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ያገኛሉ። የመጀመሪያው የመኪናዋ ጣሪያ ነው። ሁለተኛው ከነተሳቢዋ ያለው ጣሪያ ነው። ሦስተኛው የፊት አክስል፣ አራተኛው የኋላ አክስል የሚሸከሙት ነው። ከአሜሪካ የመጣች ከሆነች በር ምሰሶው ላይ ስለ ጎማና ጭነት የሚናገር ተለጣፊ ይኖራል። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ማለፍ እንደሌለበት እዚያ ላይ ተጽፏል። በፓውንድ ብቻ ከተጻፈ በ0.45 ያባዙት፤ ኪሎውን ያገኛሉ።

ሊብሬው ላይ የሰፈረውንም ያስተያዩ። ሊብሬውና የፋብሪካው ሰሌዳ ካልተስማሙ በትንሹ ቁጥር ይሂዱ።

ባዶ ክብደቱን ማግኘት ካቃተዎት ወይም መኪናዋ ያገለገለች ከሆነች፣ የመኪና ሚዛን ወዳለበት መጋዘን ወስዶ ማስመዘን ነው። የሚከፍሉት ከሚያተርፉት ጋር አይወዳደርም። በተለይ የብረት ባምፐር፣ የዕቃ መጫኛ ፍርግርግና ሁለተኛ ትርፍ ጎማ የተጨመረባት መኪና ከፋብሪካ የወጣችበት ኪሎ ላይ የለችም። ሲያስመዝኑ ነዳጅ ምን ያህል እንዳለ ይመዝግቡ። 80 ሊትር ናፍጣ ወደ 67 ኪሎ ይመዝናል። አንዳንድ አገር የሚታተም መግለጫ ባዶ ክብደቱን የሚያሰላው በ10 ሊትር ነዳጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ሙሉ የነዳጅ ታንከር ይዞ ነው። ሁለት መግለጫዎችን ከማስተያየትዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

3. ለራስዎ ሥራ የሚተርፈውን ያስሉ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመጫን አቅም ማለት የዕቃ አቅም ብቻ አይደለም። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ከኋላ የተቀመጡትም ጭነት ናቸው።

እንደ ምሳሌ አንድ ደብል ጋቢና ፉል ኦፕሽን እንውሰድ። ባዶ ክብደቷ 2,100፣ ጣሪያዋ (ጂቪኤሟ) 3,050 ኪሎ ይሁን። የመጫን አቅሟ 950 ኪሎ ነው። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ቡና ልታመጣ ስትወጣ አምስት ሰው ተሳፈረባት እንበል። አንዱን በ70 ኪሎ ብናስበው 350 ሄደ። ባምፐርና ፍርግርግ 80 ኪሎ ወሰዱ። የቀረው 520 ኪሎ ነው። አምስት ኩንታል ከትንሽ ትርፍ! በፈረሱላ ካሰቡት፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ 30 ፈረሱላ እሸት ቡና ነው። ከዚያ በላይ አይፈቀድላትም።

አሁን ስታንዳርድ ነጠላ ጋቢናዋን እናስላ። ባዶዋ 1,800፣ ጣሪያዋ 3,000 ይሁን። አቅሟ 1,200 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው 140 ወሰደ። 1,060 ኪሎ ቀረ። ይኸው ደላላው ያለው አስር ኩንታል! 50 ኪሎ የሚመዝን ሲሚንቶ ሃያ ከረጢት ትጭናለች ማለት ነው። ልዩነቱ እጥፍ ነው፤ ዋጋዋ ደግሞ የሚያንሰው ይህቺኛዋ ናት።

ስለዚህ ለእያንዳንዷ መኪና በወረቀት ላይ አንድ መስመር ይስጡ። የሚጓዙትን ሰዎች ቁጥር በሐቅ ይጻፉ። ልጆቹን ከሴቃ ወደ ትምህርት ቤት የምታመላልስ መኪና ከሆነች ያንንም ይቁጠሩ። የመጨረሻው ዓምድ "የሚተርፈኝ ኪሎ" ይሁን። ማወዳደር ያለብዎት ያንን ዓምድ ነው።

ስለ ቦታውም አንድ ነገር ልጨምር። የደብል ጋቢና የኋላ ጭነት ቦታ ወደ 1.5 ሜትር ያህል ነው፤ የነጠላው ከ2 ሜትር ያልፋል። አጭር በሆነው ላይ ጀንፈል ሲጫን ወደ ላይ ይቆለላል፣ ወደ ኋላም ይወጣል። ክብደቱ ከኋላ ጎማ ወዲያ ሲያርፍ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ መሪው ይለሰልሳል። በክረምት በቀዩ ጭቃ ላይ ይህ በጣም አደገኛ ነው።

4. የመጎተት አቅሙን ለብቻው አይመኑት

እኛ ጋ የሚጎተተው ብዙ ጊዜ ጄኔሬተር፣ ትንሽ የውሃ ቦቴ ወይም የቡና መፈልፈያ ነው። መጀመሪያ ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው ወይ ብለው ይጠይቁ። 3,500 የሚባለው ቁጥር ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ፍሬን ለሌለው በብዙዎቹ መካከለኛ ፒካፖች ላይ የሚፈቀደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የተበየደ ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን የለውም። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ይርሱት።

ቀጥሎ ጂሲኤሙን ያውጡ። የቅድሟ ደብል ጋቢና ጂሲኤሟ 5,850 ነው እንበል። ተሳቢው 3,500 ከመዘነ ለመኪናዋ የሚቀረው 2,350 ነው። ባዶዋ 2,100 ስለሆነች፣ ለሰውና ለዕቃ 250 ኪሎ ብቻ ተረፈ። ሦስት ሰው ከሻንጣው ጋር ከተቀመጠ አለቀ። ሙሉ ጭኖ ሙሉ መጎተት የሚባል ነገር የለም፤ መግለጫው ላይ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ያማልላሉ።

ተሳቢው መንጠቆው ላይ የሚጫነውም አለ። ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ እዚያ ላይ ያርፋል። ከመጫን አቅምዎ ላይ ይቀንሱት።

ሌላው ከፍታ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ቱርቦ ያለው ጉዳቱ ያነሰ ነው። ፎርድ ለመጎተት ባወጣው መመሪያ በየ300 ሜትር ከፍታው ከመኪናውና ከተሳቢው ድምር ላይ 2 በመቶ ይቀንሱ ይላል። እኛ ጋ ሲሰላ ወደ 11 በመቶ ይመጣል። ከ5,850 ላይ ከስድስት ኩንታል በላይ ማለት ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የጊቤን ሸለቆ ወርደው መውጣት አለ፤ ወደ ቦንጋ ከሆነ ጎጀብ አለ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው የሚፈተኑት እዚያ ነው።

5. ጎማውን ያንብቡ

ይህ አጭር ነው። ጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፍ ቁጥር አለ። 100 ከሆነ አንዱ ጎማ 800 ኪሎ ይሸከማል፤ 112 ከሆነ 1,120 ኪሎ። የኋለኛ ሁለቱ ሲደመሩ ሰሌዳው ላይ ካለው የኋላ አክስል አቅም ማነስ የለባቸውም። ፉል ኦፕሽን ላይ ለማማር ተብሎ የተቀየረ ጎማ ካለ በተለይ ይመልከቱ።

6. "ባሌስትራ ይጨመርላት" ሲባሉ

ይህን ምክር ጋራዥ ሁሉ ይሰጣል። ባሌስትራ መጨመር ጀርባዋ እንዳይወርድ ያደርጋል። አክስሏን ግን አያጠነክርም፣ ፍሬኗን አያሳድግም፣ ሻንሲዋን አያወፍርም። ፋብሪካው የጻፈው ጣሪያ እዚያው ነው። እንዲያውም ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ሲታይ ሹፌሩ ከልክ በላይ መጫኑን አያውቅም። የሚያስፈልግዎ አስር ኩንታል ከሆነ አስር ኩንታል የምትጭነውን ይግዙ።

7. ከመክፈልዎ በፊት ጭነው ይንዱ

ወረቀቱ ላይ ሁለት መኪና ሲቀርዎት፣ ባለቤቱን አስፈቅደው ዘወትር የሚጭኑትን ያህል ይጫኑባት። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለዚህ ይመቻል። ሲወጡ በሁለተኛ ማርሽ ሳትንገታገት መሄዷን ይዩ። ሲወርዱ ፍሬን ላይ ሳይቆሙ በማርሽ ብቻ ትያዝ እንደሆነ ይሞክሩ። ከወረዱ በኋላ ወደ ቸርኬው ጠጋ ብለው የፍሬን ሽታ ካለ ያጣሩ። የኋላ ጎማዎቹን ጎን ይመልከቱ፤ በጣም ከተጨፈለቁ አየሩን ያስለኩ። ሙቀት መለኪያው ከመሐል ካለፈ ወይም ፍሪሲዮኑ ከሸተተ፣ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት መካኒክ ያሳዩዋት።