መኪናችሁ ስታፈላ ፋኑን ከመክሰሳችሁ በፊት

ኮሮላዬ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1994 ምርት ናት። ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ሙሉ ስታፈላብኝ ከረመች። የሚገርመው ፋኗ፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ይዞር ነበር። ጠዋት ቁልፉን ሳበራ፣ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ፋኑ ውው ብሎ ይነሳል። እኔም ድምፁን ሰምቼ «በፋን በኩል እንኳን ችግር የለም» ብዬ ከሳሪስ እወጣለሁ። ጎተራ ሳልደርስ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ይነካል።

ራዲያተሩን አሳጠብኩ። የውሃ ፓምፕ አስቀየርኩ። አንዱ ጋራዥ ቴርሞስታቱን፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን ቫልቭ፣ አውጥቶ ጣለው። ምንም ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፈቱና ቁልፉን እንዳበራ ነገሩኝ። ፋኑ ተነሳ። ትንሽ ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጄ፣ የቀዘቀዘ ሞተር ላይ ፋን ምን ይሠራል?» አሉኝ።

በሽታው ያ ነበር። ዝርዝሩን ወደታች እመለስበታለሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለንን አሮጌ መኪና ይዘን የምንቆይ ብዙ ነን። እኔ የከፈልኩትን ሌላ ሰው እንዳይከፍል ነው ይህን የምጽፈው። ከታች ያሉት ርዕሶች ሁሉ የምንሠራቸው ስህተቶች ናቸው።

በጋለ ሞተር ላይ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን መንገድ ላይ ሲደነግጥ ሁሉም ይረሳዋል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ታፍኖ ነው የተቀመጠው። ክዳኑን ስትለቁት በአንዴ ወደ እንፋሎት ይቀየርና ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ጨርቅ አያድንም። ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ብዙ አይደለም። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ስትነኩት ለብ ያለና የማይገፋ ሲሆን ያኔ ትከፍታላችሁ።

ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አትገልብጡ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚሰነጠቀው ወይም የሚጣመመው በእንዲህ ዓይነት ጥድፊያ ነው።

ጌጁ ገና መውጣት ሲጀምር ከሆነ የደረሳችሁበት፣ ኤሲውን አጥፉና የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ይሞቃችኋል፣ ግን ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው። ቆማችሁ ሞተሩን የምታጠፉበት ቦታ እስክታገኙ ያደርሳችኋል።

መቼ እንደምታፈላ ልብ አለማለት

ጋራዥ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ መሆን ነበረበት። ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቃችሁም።

መኪናዋ ትራፊክ ላይ ቆማ የምታፈላ፣ መንገድ ሲከፈትላት ደግሞ የምትቀዘቅዝ ከሆነ፣ ፋኑን ወይም የፋኑን መስመር ጠርጥሩ። ቆማችሁ ሳለ በራዲያተሩ ውስጥ አየር የሚያሳልፍ ከፋኑ ሌላ የለምና። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ላይ በ90 እየሄደች የምታፈላ ከሆነ ግን ፋኑ ንጹህ ነው። በዚያ ፍጥነት ንፋሱ ራሱ ይበቃል። እዚያ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፍት ቴርሞስታት ወይም የደከመ ፓምፕ ፈልጉ።

ዳገት ከእነዚህ ከሁለቱ መሃል ነው። ከአባይ ድልድይ ተነስታችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ሞተሩ በትንሽ ማርሽ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሮጥም። ሙቀቱ ብዙ፣ ንፋሱ ትንሽ ነው። እዚያ ላይ ብቻ የምታፈላ መኪና ሁለቱንም ማስመርመር አለባት።

የራዲያተር ክዳንን መናቅ

አዲስ አበባ ላይ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርግ።

ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ ስታፈሉ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ንፍሮ ከቆላ ይልቅ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ እንመለስ። እንደ እኔ ባለች ኮሮላ ላይ ሙቀቱን አይቶ ፋኑን የሚያስነሳው ስዊች ሥራ የሚጀምረው ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። 83 አካባቢ ሲወርድ ያጠፋዋል። ክዳኑ ደህና ከሆነ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው እዚህ ከፍታ ላይ እንኳን ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ክዳኑ ከተነፈሰ ግን ራዲያተራችሁ ክፍት ድስት ሆነ ማለት ነው። ውሃው በ92 ይፈላል። ፋኑ በ93 ሊነሳ ተዘጋጅቶ ሳለ ውሃው ቀድሞት ገንፍሏል። ሰው ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎቱንና የቆመውን ፋን ያያል፣ «ፋኑ ሞቷል» ይላል። ፋኑ ተራው አልደረሰም እንጂ አልሞተም።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አውጡና ገልብጡት። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የራዲያተሩ አፍ ሠርቶበት የገባው ክብ ምልክት ጠልቆ ከታየ፣ ጊዜው አልፏል። መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍራችሁ ሳብ አድርጉ። ተስባ መመለስ አለባት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ጠርሙስ ተመልሶ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ከተጣበቀች፣ ጠዋት ኮፈኑን ስትከፍቱ የላይኛው ቱቦ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ።

ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይታችሁ ግዙ። 0.9 ከነበረ 0.9 ይሁን። ልክ ስለገጠመ ብቻ አትውሰዱ። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ይሻላል ብሎ የሚመክራችሁም አይጠፋም። አሮጌ ራዲያተርና አሮጌ ቱቦ ያንን ግፊት አይችሉትም።

ሁሉም ሪሌ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

የእኔ ጉድ ያለው እዚህ ነው። ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ወይም የሚያቋርጥ ዕቃ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ሲሞቅ ስዊቹ ይገናኛል፣ ሪሌው ይሠራል፣ ፋኑ ይዞራል። በእነ ጎልፍና በእነ ፊያት አሮጌ ሞዴሎች በአብዛኛው ይህ ልክ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስዊቹ ሲቀዘቅዝ የተገናኘ ነው፣ ሲሞቅ ይለያያል። ሪሌውም በተቃራኒ የተሠራ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ፋኑን ያቆማል፣ ሲያጣ ፋኑን ይለቃል። እንዲህ የተደረገው በምክንያት ነው። የስዊቹ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢነቀል ፋኑ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም።

መኪናዬ ማፍላት ከመጀመሯ በፊት ይህ ሪሌ ተቃጥሎ ነበር። አንድ ጋራዥ ተራ ባለ አራት እግር ሪሌ አመጣ። ሶኬቱ አልገጥም ሲለው ሽቦ ቀጥሎ አገናኘው። ቁልፉን ሲያበራ ፋኑ ተነሳ። «አለቀ» አለኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ሁለታችንም ያላስተዋልነው፣ ያ ሪሌ በቀዝቃዛው ፋኑን እያዞረ ሲሞቅ እንደሚያቆመው ነው። ልክ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ይጠፋል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ድምፁን እሰማ የነበረው።

ስለዚህ ሪሌ ስትቀይሩ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ሱማሌ ተራ ያገለገለ ኦርጅናል ይገኛል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ እንኳን ቁጥሩንና የእግሩን አቀማመጥ አስተያዩ። የጥሩምባውን ሪሌ ነቅሎ ፋኑ ላይ መሞከር የተለመደ ዘዴ ነው። በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ግን ያሳስታችኋል።

መኪናችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ለማወቅ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ቁልፉ በርቶ፣ የፋኑን ስዊች ሶኬት ንቀሉ። ፋኑ ከተነሳ መኪናዋ እንደ እኔ ናት፣ የፋኑ ሞተር፣ ፊውዙና ሪሌውም ደህና ናቸው። የቀራችሁ ስዊቹ ነው። ካልተነሳ ሁለቱን የሶኬት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። አሁን ከተነሳ መኪናዋ ከጎልፍ ወገን ናት፣ የሚጠረጠረውም ስዊቹ ነው። በሁለቱም ካልተነሳ ወደ ፊውዝ፣ ሪሌና ፋን ሞተር ትሄዳላችሁ። እጃችሁንና የልብሳችሁን እጅጌ ከፋኑ አርቁ። የኤሌክትሪክ ፋን ሲነሳ አያስጠነቅቅም።

ትክክለኛውን ስዊች አለመለየት

ሞተሩ ላይ ውሃ የሚነካ ነገር አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ለጌጁ ነው፣ ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ሽቦ ነው። ኢንጄክሽን ከሆነ ሌላው ለኮምፒውተሩ ነው። የፋኑ ለብቻው ነው። እንደ ሞዴሉ ራዲያተሩ ታች ላይ ወይም ቴርሞስታቱ ያለበት ቤት ላይ ታገኙታላችሁ። የጌጁን ቀይሮ «ፋኑ አሁንም አልሠራም» የሚል ሰው አይቻለሁ።

ደግሞ ስዊቹ ውሃ ውስጥ ካልተጠመቀ ሙቀቱን በደንብ አያነብም። ውሃ ጎድሎ ወይም አየር ታምቆ ከሆነ አዲስ ስዊችም አይነሳም። ውሃ ስትሞሉ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ አስነሱት። ማሞቂያውንም ክፈቱት። አረፋው እስኪያቆም በቀስታ እየጨመራችሁ ቆዩ። አረፋው በጭራሽ የማያቆም ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የቴስታታ ጋስኬት ሊሆን ይችላል።

ዳይሬክት ማድረግ

ሁሉ ሲያቅት ጋራዡ የሚላችሁ ይህን ነው። «ዳይሬክት እናድርገውና ተገላገል።» ከባትሪ አንድ ሽቦ ይጎተትና ዳሽቦርዱ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠማል።

መንገድ ላይ ለቀራችሁ ሰዎች ቤት ለመድረስ ጥሩ መላ ነው። ቋሚ መፍትሔ ሲሆን ግን ያስፈራኛል። 120 ዋት የሚወስድ የፋን ሞተር በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባል። ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ያንን በቀጭን የሬዲዮ ሽቦ፣ ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ ካሳለፋችሁት፣ መጀመሪያ ማብሪያው ይግላል፣ ቀጥሎ የሽቦው ልብስ ይቀልጣል። ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ ከእግራችሁ በላይ ነው። ማብራት የረሳችሁ ቀን ሞተሩን ታጣላችሁ። ማጥፋት የረሳችሁ ቀን ባትሪውን።

የግድ ከሆነ ወፍራም ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ መሃል ላይ ሪሌ ይኑር።

ያገለገለ ፋን ገዝቶ ዙሩን አለማየት

የፋን ሞተር ሁለት ሽቦ ነው። ሲገለባበጥም ይዞራል፣ ግን ወደ ኋላ። ኮሮላ ላይ ፋኑ ከራዲያተሩ በስተኋላ፣ በሞተሩ በኩል ነው ያለው። አየሩን ከፊት ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። በተቃራኒ ከዞረ የሞተሩን ትኩስ አየር ወደ ፊት ይገፋል። ስትሄዱ ደግሞ ከሚመጣው ንፋስ ጋር ይታገላል። ፋኑ ሲዞር አንድ ወረቀት ፍርግርጉ ፊት ለፊት ያዙ። ተስቦ ራዲያተሩ ላይ ከተለጠፈ ልክ ነው። ከተገፋ ሽቦውን አገላብጡት።

በፋኑ ዙሪያ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋንም አትጣሉት። እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው ፊቱ ካለችው ክብ ብቻ ነው። የራዲያተሩ ጥግ ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

ቴርሞስታቱን ማውጣት

አጭር ነው። አታውጡት። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ወደ ራዲያተሩ የማይሄደውን አቋራጭ መስመር አብሮ ይዘጋል። ሲወጣ ውሃው አቋራጩን ይይዝና ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። የእኔን በ82 ዲግሪ የሚከፍት አዲስ አስገብቼ ነው ያስተካከልኩት።

ሳያዩ ከጋራዥ መውጣት

እኔን ያስከፈለኝ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ፋኑ ሲዞር አየሁና ሄድኩ።

አዛውንቱ ትክክለኛውን ሪሌ ከገጠሙ በኋላ ገንዘብ ላውጣ ስል «ቆይ፣ ገና ነው» አሉኝ። ሞተሩን አስነስተን ቆምን። ፋኑ ዝም አለ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ አሁንም ዝም። ልቤ መምታት ጀመረ። ጌጁ ከመሃል ትንሽ ከፍ ሲል ሪሌው ጠቅ አለ፣ ፋኑ ተነሳ። ሁለት ደቂቃ ያህል ዞሮ በራሱ ቆመ። «አንዴ» አሉ። እንደገና ጠበቅን። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ቆመ። ያኔ ኮፈኑን ዘጉት።