ከደብረ ብርሃን ሜዳ የአትላንቲክን ማዶ ለመስማት፦ የቤቨሬጅ አንቴና አዘረጋግ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1921 አሜሪካዊው የሬዲዮ አማተር (ሬዲዮን ለፍቅሩ የሚሠራ) ፖል ጎድሊ ስኮትላንድ፣ አርድሮሳን ድንኳን ተክሎ ከውቅያኖሱ ማዶ ያሉ አማተሮችን ሞርስ የሰማው 400 ሜትር ገደማ በሆነ፣ ከመሬት ብዙ ባልራቀ ሽቦ ነው። ቤቨሬጅ ይባላል። አማተሮች ለሚነጋገሩበት 7 ሜጋኸርዝ 84 ሜትር፣ የሞገዱ ርዝመት ሁለት እጥፍ ገደማ፣ ይበቃል፤ የታጨደ ማሳ ይህን ያህል ቦታ አያጣም።

ከሁሉ በፊት አቅጣጫውን ይያዙ፤ ይህ ሽቦ የሚሰማው ከሬዲዮው የራቀው ጫፍ ወደሚያመለክትበት ነው። ከሰሜን ሸዋ ወደ ኒውዮርክ አጭሩ መንገድ በኮምፓስ 315 ዲግሪ አካባቢ፣ ሰሜን ምዕራብ ነው። ለንደንም 330 ላይ ስለሆነች አብራ ትሰማለች። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ያሳስታል።

ጭንጫ መሬት ይምረጡ። ኤሌክትሪክ በደንብ የማያስተላልፍ መሬት ሞገዱን ከታች ይዞ ያዘነብለዋል፤ ሽቦው ላይ ምልክት የሚፈጥረው ያ ዝንባሌ ነው። ዋልካ ላይ ይደክማል። ከሽቦ አጥር ይራቁ፤ በመብራት መስመር ሥርም ከቶ አይዘርጉ።

3.5 ሜትር የሆኑ 7 የባሕር ዛፍ ቋሚዎች በየ14 ሜትሩ ይትከሉ፣ ግማሽ ሜትር ይቅበሩ። ጭነት የያዘ አህያ ከሥሩ ያልፋል። ባለ 1.5 ካሬውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነልባሱ በፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ውስጥ ያሳልፉ፤ አጥብቀው አይወጥሩት፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ ይበጥሰዋል።

ሩቁን ጫፍ በ470 ኦም የካርበን ሬዚስተር አድርገው 1.5 ሜትር ከተቀበረ ፌሮ ጋር ያገናኙ። ፌሮው ድንጋይ ላይ አልገባ ካለ 10 ሜትር የሆኑ 4 ሽቦዎች መሬት ላይ ይበትኑ። ከየአቅጣጫው የሚሰማ ከሆነ ሬዚስተሩን ነቅለው ይሞክሩ፤ ምንም ካልተለወጠ ጥፋቱ ፌሮው ወይም ማያያዣው ላይ ነው።

ቅርቡ ጫፍ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። በአሮጌ ሞኒተር ገመድ ላይ ያለውን ጥቁር ፌራይት (ገመዱ የሚያልፍበት ማግኔታዊ ቀለበት) ይውሰዱ (የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ቢጫ ቀለበት አይሆንም)። 9 ዙር ለአንቴናውና በዚህ ጫፍ ለሚቀበር ሁለተኛ ፌሮ፣ 3 ዙር ወደ ሬዲዮው ለሚሄደው የቴሌቪዥን ኬብል ይጠምጥሙ። ሁለቱ ጥቅሎች አይገናኙ፤ ከተገናኙ የኤል ኢ ዲ አምፖልና የሶላር ቻርጀር ጩኸት በኬብሉ ልባስ ይገባል።

ሬዲዮው ኤስኤስቢ (አማተሮች ድምፅ የሚልኩበት ዘዴ) ያለው ይሁን። አውሮፓ ከመሸ በኋላ፣ አሜሪካ ከሌሊቱ 9 እስከ 12 ሰዓት ይሞከራል። አንቴናው ለመስማት ብቻ ነው፤ ኃይሉን መሬት ስለሚበላው ለማሰራጨት አይረባም፣ ማሰራጨት ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

በክረምት ሰማዩ ሳይጠቁር ኬብሉን ከቤት ውጭ ይንቀሉ። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን አይንኩት።