ቁርጭምጭሚት ካስቀየሩ በኋላ አጥንቱን መጠበቅ

ደብረ ብርሃን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ቁርጭምጭሚቱን በብረትና በፕላስቲክ መገጣጠሚያ ያስቀየረ ሰው «አያመኝም» ቢለኝም አላርፍም። አንድ የአንኮበር አባት ከዘራቸውን ጥለው እየሳቁ ገቡ፤ ራጃቸው ግን ከብረቱ በላይ ጥቁር ክፍተት ያሳያል። ከፕላስቲኩ የሚረግፈው ብናኝ አጥንቱን ውስጥ ውስጡን ሲቦረቡረው ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም።

ስለዚህ ደህና ቢሆኑም በሐኪምዎ ቀጠሮ፣ ቆመው፣ እግርዎ ክብደት ተሸክሞ ራጅ ይነሡ። የድሮውን ፊልም አይጣሉ፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያነጻጽረዋል። ክፍተት ከታየ ሲቲ ስካን ስፋቱን ይለያል።

ጋብ ብሎ የነበረ ሕመም ድንገት ከተመለሰ፣ በተለይ በቁርጭምጭሚቱ ጎን ያለው አጥንት ሲነካ ካመመ፣ ስብራት ሊሆን ይችላልና አይርገጡበት። ወጌሻ ዘንድ ማሳሸትማ በፍጹም! መግል ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሲጋራ አጥንት ቶሎ እንዳይጠግን ያደርጋል፤ ይተዉት። የጣርማ በርን ቁልቁለት በእግር መውረዱም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ።