ቦንሳይዎ ለምን ደከመ? የጀማሪዎች ችግርና መፍትሄ

ጀማሪዎች ቦንሳይ (በሸክላ ውስጥ እየተቆረጠና እየተቀረጸ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) የሚያጡት ብዙውን ጊዜ በመቀስ ሳይሆን በውኃና በአፈር ነው። ቅርንጫፉን ለመቅረጽ ሽቦ ከመጠምዘዝ በፊት ዛፉን ጥልቀት በሌለው ሸክላ ውስጥ በሕይወት ማቆየት መማር ይቀድማል። ለመለማመጃ በየችግኝ ጣቢያው የሚሸጠው ፋይከስ (የሾላና የዋርካ ዘመድ) ጥሩ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ስህተትም ይችላል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው

ሥሩ አየር አጥቷል። በማንኛውም ሸክላ ውስጥ አፈሩ ውኃ ከጠጣ በኋላ ታችኛው ክፍል በውኃ እንደተሞላ ይቀራል። የዚህ እርጥብ ክፍል ከፍታ የሚወሰነው በአፈሩ ቅንጣቶች መጠን እንጂ በሸክላው ጥልቀት አይደለም። 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ባለው ዕቃ ሥሩ ከበላዩ ይተነፍሳል፤ በ4 ሳንቲሜትር ሸክላ ግን አፈሩ ደቃቅ ከሆነ ሥሩ ሁሉ ውኃ ውስጥ ነው። የጓሮ አፈር ለቦንሳይ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ከሥር ጠጠር ማንጠፍም አይረዳም፤ እርጥቡን ክፍል ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ አያስወግደውም።

ጃፓኖች አካዳማ የተባለውን ጠጠር መሰል ሸክላ አፈር ይጠቀማሉ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ለግንባታ የሚቀርበው ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እና ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በቂ ነው። ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነውን በወንፊት ይለዩ፣ ብናኙን ያጥቡ፣ አራት እጅ ጠጠር ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ይቀላቅሉ። ይህ ድብልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ መታየት አለበት። የቀርከሃ ስንጥር 3 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይስደዱ፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ይቆዩ፣ ሊደርቅ ከተቃረበ ከታች እስኪፈስ ያጠጡ። የጠቆረና የላላ ሥር ካገኙ ቆርጠው ያስወግዱ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ በሸክላው አንድ ጎን ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ሲያዘነብል ውኃው ይንጠፈጠፋል።

ውኃው በጠርዙ ይወርዳል፣ መሐሉ ደረቅ ነው

አፈሩ ጠጥሯል። በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ጠጠሩ በሙጫ ተጣብቋል፤ ፈንቅለው ይጣሉት። ሸክላውን እስከ ጠርዙ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋው እስኪቆም ይጠብቁ።

ጥዱ ፈዝዞ ቡናማ ይሆናል

ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነበር? ጥድ የውጭ ዛፍ ነው፤ ፀሐይ ይፈልጋል፣ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎቹ የብርድ ወቅት ዕረፍትም ያስፈልጋቸዋል። ከሞተ በኋላ ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ስለሚቆይ ችግሩ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ቅርፊቱን በጥፍር ይፋቁ፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለ። ሲቆርጡም በየቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ይተዉ፤ የተራቆተ የጥድ ቅርንጫፍ ይደርቃል። ወይራ በዚህ ይለያል፤ ከአሮጌ ግንድም ያቆጠቁጣል።

ሽቦው ቅርፊቱን በልቷል

ቆይቶበታል። የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉ አንድ ሦስተኛ ይሁን፣ በ45 ዲግሪ ይጠምጠም፣ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፤ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት በየሳምንቱ። ሲያወጡ ወደ ኋላ አይፍቱት፤ በመቁረጫ እየቆራረጡ ያንሱት። የጠነከረ የወይራ ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ ለጋ ሳለ ይጠምዝዙት።

ግንዱ አይወፍርም

ትንሽ ሸክላ ውስጥ ያለጊዜው ገብቷል፣ ጫፉም ዘወትር ይቆረጣል። መሬት ላይ ወይም ሰፊ ዕቃ ውስጥ ይትከሉት፤ ከታች ያለ አንድ ቅርንጫፍ እንዳሻው ይደግ። ግንዱ ሲወፍር ያንን ቅርንጫፍ ይቁረጡት። ይህ ዓመታት ይወስዳል።

ሸክላ ከተቀየረ በኋላ ጠወለገ

ብዙ ሥራ በአንድ ቀን ተደርጎበታል። ከሥሩ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቁረጡ። ዛፉን በውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ባሳለፉት ሽቦ ከሸክላው ጋር አጥብቀው ይሰሩት፤ ሲወዛወዝ አዲሶቹ ቀጭን ሥሮች ይበጠሳሉ። ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ለአንድ ወር ያህል ማዳበሪያ አይስጡት። ለዚህ ነው ጀማሪ ሦስት አራት ርካሽ ችግኝ እንዲይዝ የምንመክረው፦ አንዱ ላይ ሥር ሲቆርጥ ሌላው ላይ ሽቦ ይለማመዳል፣ የተሠራበት ዛፍ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ግን አይነካም።