የመጀመሪያውን ውርጭ ልታዩ ወሎ ደጋ ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሌላው አገር የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ሲጥል ሰው ሥራውን ትቶ ደጅ ይወጣል። እኛ ወሎዎች እንዲያ ያለ በረዶ የለንም፤ ውርጭ ግን አለን። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት አንድ ሌሊት የደላንታና የመቄት ሜዳ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ይነጋል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ዘመድ ያለኝ ደላንታ ነው። ያችን ጠዋት ዓመቱን ሙሉ እናፍቃታለሁ። ብዙ ሰው ግን እዚያው ድረስ ሄዶ ሳያያት ይመለሳል።

አርፍዶ መነሳት

ትልቁ ስህተት ይኸ ነው። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ሲለቅ ያድራል። ስለዚህ ብርዱ የሚከፋው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ተገኙ። ቁርስ በልቼ ልውጣ ያለ ሰው የሚያገኘው እርጥብ ሣር ብቻ ነው።

በሰዓቱ ከደረሳችሁ ቁጢጥ ብላችሁ አንዲት ሣር ተመልከቱ። ዳርና ዳሯን ከመርፌ የቀጠኑ ነጫጭ እሾሆች በቅለውባታል። የከብት ኮቴ ባቆረው ውሃ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ጋግሯል፤ በጣት ጫን ሲሉት ቀጭ ይላል። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ሜዳው በሙሉ ያብለጨልጫል። ከዚያ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ነጩም ይጠፋል።

ጋራ ጫፍ ላይ መፈለግ

ሽቅብ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው አቡነ ዮሴፍ አናት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውርጭ ግን ነፋስ አይወድም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ከጋራው ይልቅ ከሥሩ ያለው የግጦሽ ሜዳ ይሻላችኋል። ሌሊቱ ደመናማ ወይም ነፋሻማ ከሆነ አትድከሙ፣ ተኙ።

በጋ ነው ብሎ መዘናጋት

ከኮምቦልቻ በስስ ሸሚዝ የሚመጣ እንግዳ ሁሌ አያለሁ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እሱ ያታልላል። ጋቢ ደግ ነው፤ ግን ጥጥ ጤዛ ከጠጣ አያሞቅም። ከውስጥ የሱፍ ሹራብ ልበሱ። የደጋ ሰው በርኖሱን ከበግ ጠጉር የሚያሠራው ለዚህ ነው። ስልካችሁን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት፤ ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ይሞታል።

ለሙቀት አረቄ መጎንጨት

የሚሞቀው ቆዳ ነው እንጂ ሰውነት አይደለም። አረቄ የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። ትኩስ አጥሚት ወይም ቡና ጠጡ።

ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት

ይህን የማያውቅ የለም፤ በየዓመቱ ግን ሰው ይሞትበታል። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በእንቅልፍ ላይ እያለን ይወስደናል። ፍሙ ዐመድ የለበሰ ቢመስልም ከመተኛታችሁ በፊት ደጅ አውጡት። እባካችሁ።

ገበሬው ፊት መደሰት

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ጠዋት ስልኬን ይዤ «እንዴት ያምራል!» እያልኩ ስሮጥ አያቴ የባቄላ ማሳቸው ዳር ቆመው ነበር። ምንም አላሉኝም። አንዲት ቅጠል ቀንጥሰው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ነጩ እጄ ላይ ቀለጠ፤ ቅጠሏ የተቀቀለች ይመስል ልፍስፍስ አለች። ቀትር ላይ ተመልሼ ሳየው ማሳው ጠቁሯል። ባቄላ በአበባው ወይም ገና በእሸቱ ውርጭ ከመታው ፍሬ አይዝም። የቤተሰቡ የዓመት ሽሮ እዚያ ማሳ ላይ ነው የቀረው።

ስለዚህ ሰው ቀዬ ስትደርሱ መጀመሪያ እንዴት አደራችሁ በሉ፤ አዝመራው ተሰብስቦ እንደሆነ ጠይቁ። ከገባ እሰየው፣ አብረዋችሁ ወጥተው ያሳዩዋችኋል። ውርጭ ከመታው ደግሞ «አላህ ይተካ»፣ «እግዜር ይተካ» በሉና አብራችኋቸው ቁጭ በሉ። ቡናው እስኪፈላ ፎቶው ይቆይ።