ቄብ ዶሮን በክንፏ ላባ እንዴት መለየት ይቻላል?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ «ቄብ ናት፣ ገና ልትጥል ነው» የማይባልላት ዶሮ የለችም። ገዢውም አናቷን አይቶ፣ በእጁ መዝኖ ይወስዳል። የአናት መቅላት ግን እንቁላል መቃረቡን እንጂ ዕድሜን አይናገርም፤ ክብደትም ጠዋት በተበላ ጥሬ ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ የተሻለው ምስክር ክንፍ ነው። ላባ የሚረግፈው በተራ ስለሆነ ተራውን ያወቀ ሰው የ3 ወሯን ከ5 ወሯ፣ ቄቧን ከአሮጊቷ ይለያል።

1. አያያዝ። ሁለቱን እግሮቿን በአንድ እጅ ይያዙና ደረቷን ክንድዎ ላይ ያሳርፉ። በሌላው እጅ ክንፏን ከትከሻዋ አጠገብ ይዘው ቀስ ብለው እንደ ማራገቢያ ይዘርጉት። በክንፏ አያንጠልጥሏት፤ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል።

2. ድንበሯን ላባ ማግኘት። በተዘረጋው ክንፍ መሃል፣ ግራና ቀኟ ካሉት ሁሉ የምታጥር አንዲት ላባ አለች። ከእሷ ወደ ሰውነት ያሉትን ይተዋቸው። ከእሷ ወደ ክንፉ ጫፍ ያሉት ረጃጅሞች 10 ናቸው። የምንቆጥረው እነሱን ነው፤ 1 የሚባለውም ከአጭሯ ቀጥሎ ያለው ነው። ከጫፍ ቢጀምሩ ቁጥሩ ሁሉ ይገለበጥብዎታል።

3. አዲሱን ከአሮጌው መለየት። አዲስ ላባ ሰፊ ነው፤ ጫፉ የከበበ፣ ቀለሙም የሚያበራ ነው። ከጫጩትነት የቀረው ጠባብ ነው፤ ጫፉ ሹል፣ ቀለሙ በፀሐይ የደበዘዘ፣ ጠርዙም የተበላ ይሆናል። በቀይና በጥቁር ዶሮ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በነጭና በገብስማ ላይ ግን ቀለሙ ስለሚያታልል ቅርፁን ብቻ ይመኑ። በማደግ ላይ ያለ ላባ ሥሩ ደም የቋጠረና ለስላሳ ሽፋን ያለው ነው። እሱን አይጫኑት፤ ከተሰበረ ይደማል፣ ደሙን ያዩ ሌሎች ዶሮዎችም መንቆር ይጀምራሉ።

4. መቁጠር። በደንብ በተቀለቡ የውጭ ዝርያዎች የመጀመሪያው ላባ የሚወድቀው በ6 ወይም በ7 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ የ45 ቀን ጫጩት ክንፍ ላይ የሚጠበቀው ቢበዛ አንድ ክፍተት ወይም አንድ ገና ብቅ ያለ ላባ ነው። ሰውነቷ የ45 ቀን መስሎ ሦስት አዲስ ላባ ያላት ጫጩት የቀጨጨች ናት፤ በርካሽ ብትሰጥዎትም ይለፏት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ፣ ኋላ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ አንድ አንድ ላባ ይለወጣል። በ3 ወር 4 ወይም 5፣ በ20 ሳምንት ደግሞ 8 ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል፤ 9ኛውና 10ኛው ሹል ላባዎች እስከ መጀመሪያው ዓመታዊ የላባ ለውጥ ይቆያሉ። ስምንት ክብ፣ ሁለት ሹል፦ ቄብ ማለት ይህች ናት።

እየጫረች ያደገች የሀበሻ ዶሮ ከዚህ ዘግየት ትላለች። ምግብ ሲያጥር የላባው ተራ ይጓተታል፤ እንቁላሏም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ6 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በእሷ ላይ ቁጥሩን እንደ ግምት እንጂ እንደ ልደት ወረቀት አይያዙት።

5. ትልቁ ወጥመድ። ላባዋን በመለወጥ ላይ ያለች አሮጊት ዶሮም ውስጠኛው ላባዋ አዲስ፣ የጫፉ አሮጌ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጫፍ ላይ የቀሩትን ላባዎች ደግመው ይዩ፤ የአሮጊቷ ቢያረጁም ሰፊና ክብ ናቸው፣ የቄቧ ሹል። የአሮጊቷ የእግር ቅርፊት ሻካራ ነው። ከጅራቷ ሥር፣ እንቁላል መውጫው አጠገብ ያሉትን ሁለት አጥንቶችም ይዳስሱ። በመካከላቸው አንድ ጣት ብቻ የሚገባ ከሆነ ገና አልጣለችም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ ጥላ ታውቃለች። ጥላ ያቆመች አሮጊት አጥንቷ መልሶ ስለሚጠብብ ግን ይህን ምልክት ብቻውን አይመኑ።

እንደዚያም ሆኖ አሮጊት ሁሉ መጥፎ ግዢ አይደለችም። አንድ የክንፍ ላባ ሙሉ ለመሆን 6 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ላባዋን አንድ አንድ እያለች በየሁለት ሳምንቱ የምታረግፍ ዶሮ 10ሩን ለመጨረስ 24 ሳምንት ያስፈልጋታል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ብዙም እንቁላል ሳይጠብቁ መቀለብ ነው። ሦስት አራት ላባ በአንድ ርዝመት አብረው እያደጉ ካዩ ግን ቶሎ ጨርሳ ወደ መጣሉ ትመለሳለች። እንዲህ ያለችዋ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ጣይ ናት። የቀን ማጠር ላባ ያስረግፋል፤ ጎንደር ላይ ግን የቀን ርዝመት ከክረምት እስከ በጋ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ስለሆነ፣ ላባ መርገፉን ከወቅት ይልቅ ረሃብ፣ ጥማት፣ በሽታና መታቀፍ ሊያስነሱት ይችላሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም ክንፎች ይዩ። እንዳትበር ተብሎ አንዱ ክንፏ በመቀስ የተቆረጠ ዶሮ ብዙ ናት፤ የተቆረጠ ላባ እስኪረግፍ ድረስ አይተካም፣ ጫፉ ስለሌለም ሹል ይሁን ክብ አይታወቅም። የሚያስቆጥረው ያልተቆረጠው ክንፍ ነው። ተራ ሳይጠብቅ እዚህም እዚያም የጎደለ፣ በተለይ ከጀርባና ከጅራት ሥር የተመለጠ ላባ ደግሞ የመንቆር ወይም የቅማል ምልክት ነው። ከጅራቷ ሥር ያለውን ላባ ገለጥ አድርገው ቆዳውን ይመልከቱ፤ ቅማል ካለ የሚሯሯጠው እዚያ ነው።